ቀብዱን ዛሬ ማታ አትስጪ

ደብዳቤው፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። 11 ዓመት በኪራይ የኖርን ባልና ሚስት ነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። አሁን በወር 18 ሺህ ብር እየከፈልን ነው። ከዕቁብ፣ ዱባይ ካለው ወንድሜ እና ከባለቤቴ መሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር አሰባስበን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አገኘን። የማኅበሩ ብድር "በሁለት ሳምንት ይለቀቃል" ተብለናል። ሻጩ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ዋጋው 5.4 ሚሊዮን ብር ነው። ደላላው "ቁርጥ ነው፣ ነገ አንድ ዲያስፖራ ሊያየው ይመጣል፣ ዛሬ ማታ 500 ሺህ ቀብድ ካላስያዛችሁ አለቀ" ይለናል። ሻጩ ደግሞ ሦስት ነገር ጠየቁን። ግብር እንዳይበዛባቸው ውሉ ላይ ዋጋው 1.5 ሚሊዮን ተብሎ እንዲጻፍ፣ ሙሉ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ሌላ የሚያሠሩት ቤት እስኪያልቅ ሦስት ወር እዚያው እንዲቆዩ፣ ባለቤታቸው ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ ስለሄዱ "በስልክ ተስማምታለች" ብለው ለብቻቸው እንዲፈርሙ። እኚህን ሰው ማስጨነቅ ነውር መሰለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ቤቱ እንዳያመልጠን ፈርቷል። ቀብዱን እንስጥ? ዋጋውንስ ምን ብለን እናስቀንስ? ለደላላውስ መቼ ነው የሚከፈለው?
ግራ የገባት፣ ከጀሞ

መልስ፦

እህቴ፣ የቸኮለውን ላስቀድም። ቀብዱን ዛሬ ማታ አትስጪ። ነገ ጠዋትም አትስጪ። የሰውየው ባለቤት የሰጡት ውክልና እስኪመጣ፣ ቤቱም ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ በዓይንሽ እስክታዪ ድረስ አንድ ብር ከእጅሽ እንዳይወጣ።

ደብዳቤሽን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። አንቺን ያስጨነቀሽ ዋጋው ነው። እኔን ያስጨነቁኝ ግን ሻጩ በጨዋ አንደበት የጠየቋችሁ ሦስቱ ነገሮች ናቸው። 5.4 ሚሊዮኑ 5.2 ቢሆን ደስ ይላል፣ 200 ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ቢበላሽ ግን የምታጪው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ቤት ስንገዛ ዋጋው ላይ ሳምንት ሙሉ እንከራከርና ዋጋው ሲቆረጥ ደክሞን የቀረውን ሁሉ "እሺ፣ እሺ" እያልን እናልፈዋለን። ሰው ገንዘቡን ሲያጣ ያየሁት እዚያ "እሺ" ላይ ነው።

ነውር መሰለኝ ላልሽው፣ እሳቸው ሦስት ነገር ሲጠይቁሽ አላፈሩም። ማፈርም የለባቸውም፣ ቤታቸውን ነው የሚሸጡት። አንቺም የ11 ዓመት ላብሽን ይዘሽ ነው የምትገዢው። አክብረሽ፣ ተነስተሽ ሰላም ብለሽ፣ ጋሼ እያልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ሽማግሌን ማክበር ማለት በሽማግሌ ፊት ዝም ብሎ መፈረም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ባለቤታቸው ልሂድ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 ባልና ሚስት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጡ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ካርታው በእሳቸው ስም ብቻ ቢሆን እንኳ ሕጉ ንብረቱን የሚቆጥረው የጋራ አድርጎ ነው፣ የግል ነው የሚል ሰው ራሱ ማስረዳት አለበት። ሚስት ሳትስማማ ከተሸጠ፣ መሸጡን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። እስቲ አስቢው። ቤቱን ቀለም ቀብተሽ፣ መጋረጃ ሰቅለሽ፣ ልጆቹን ሠፈሩ ውስጥ ትምህርት ቤት አስገብተሽ፣ ከዓመት በኋላ መጥሪያ ሲመጣልሽ። ሴትየዋ በእውነት በስልክ ተስማምተው ይሆናል፣ እኔም ሳይስማሙ አይቀሩም ብዬ አስባለሁ። የስልክ ስምምነት ግን ነገ የሚያሳይልሽ ወረቀት የለውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሴትየዋ አሜሪካ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደው ለባለቤታቸው ውክልና ይስጡ። ውክልናው እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ ውክልናው ላይ ቤቱን "ለመሸጥ" የሚል ቃል በግልጽ ይኑር። "ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ" የሚል አጠቃላይ ውክልና ቤት አያሸጥም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ለዚህ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ጥቂት ሳምንት ይወስዳል። ይውሰድ፣ ለአንቺም ጊዜ ነው፣ ምክንያቱን ወደታች እነግርሻለሁ።

ቀብድ የሚባለውን ነገር ሰው እንደ ወረፋ መያዣ ያየዋል። ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 እንደሚለው ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። አንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ሰምቶ "እሱ ቢያፈርስ እጥፍ ይከፍለኛል" ብሎ ይጽናናል። የአንቺ አደጋ ግን የመጀመሪያው ነው። የማኅበሩ ብድር በሁለት ሳምንት ይለቀቃል ተብለሻል እንጂ አልተለቀቀም። በስድስት ሳምንት ቢለቀቅስ? ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ቢቀርስ? ያኔ ውሉን የተውሽው አንቺ ነሽ ይባላል፣ 500 ሺህ ብርም ከእጅሽ ወጣ ማለት ነው። ብድሩ ተፈቅዶ በደብዳቤ ሳይያዝ ለማንም "በዚህ ቀን እከፍላለሁ" አትበዪ።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን፣ ደላላው ከኪሱ ባወጣው ወረቀት ላይ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት 50 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። ሻጩ ቤቱን ከእናቱ የወረሰ ሰው ነበር። በሳምንቱ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ወንድም ከክፍለ ሀገር መጣና "እኔም ወራሽ ነኝ፣ አልሸጥም" አለ። ሻጩ ገንዘቤን ለሌላ ነገር አውሎት ነበር። በሽማግሌ፣ በልመና፣ በእንባ ጭምር 14 ወር ፈጅቶ ተመለሰልኝ። እጥፍ የሚለውን ቃል ያነሳም አልነበረም። እኔም አላነሳሁም፣ ዋናውን በማግኘቴ ነው ፈጣሪዬን ያመሰገንኩት። በዚያ ላይ ሕጉ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ይፈልጋል (አንቀጽ 1723ን ተመልከቺ)። የቡና ቤት ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ሌላ ክርክር መጀመር ነው።

ስለዚህ አንድ ብር እንዳይወጣ ያልኩሽ እንዳለ ሆኖ፣ ውክልናው ሳይመጣ የግድ ቀብድ ይኑር ከተባለ በአንቺ መንገድ ይሁን። ሕጉ ራሱ "ሌላ ስምምነት ከሌለ" ብሎ በሩን ክፍት ትቶልሻል። ትንሽ ይሁን፣ 50 ሺህ ይበቃል። በደላላው እጅ ሳይሆን በባንክ፣ ከአንቺ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይግባ። ወረቀቱም ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ የባለቤታቸው ውክልና እስከዚህ ቀን ካልመጣ፣ ወይም ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ፣ ቀብዱ ሳይቀነስ ይመለሳል። ብድሩ ባይፈቀድ ደግሞ ግማሹ ይመለሳል ብለሽ ጠይቂ፣ እሺ ካሉሽ ትልቅ ነገር አግኝተሻል።

የዕዳና እገዳ ማስረጃውን ሻጩ ራሳቸው ናቸው ከክፍለ ከተማው የሚያወጡት። የቆየ እንዳይሆን ቀኑን እዪ። ቤቱ በዕጣ የደረሳቸው ከሆነ የባንክ ብድሩ ማለቁን የሚያሳይ ደብዳቤም ጠይቂ፣ ቀሪ ዕዳ ካለ ከምትከፍዪው ላይ ተቀንሶ በቀጥታ ለባንኩ ይግባ። ከዕጣው በኋላ ለሽያጭ የተቀመጠው የአምስት ዓመት ገደብ ማለፉንም አረጋግጪ። የውኃ፣ የመብራት፣ የጋራ ሕንፃ መዋጮ ውዝፍ ካለ እስከ ርክክቡ ቀን ያለው በእሳቸው ይሁን።

1.5 ሚሊዮን ይጻፍ የተባለውን እምቢ በይ። ይሄን የምልሽ ግብር መሸሽ ስህተት ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ስህተትም ነው፣ ግን ጉዳቱ በቀጥታ አንቺ ላይ ነው የሚወድቀው። ነገ ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ ፍርድ ቤት "የከፈልሽው ይመለስልሽ" ሲል የሚያየው ውሉን ነው። ውሉ ደግሞ 1.5 ይላል። የቀረውን 3.9 ሚሊዮን ከፍያለሁ ብለሽ ምስክር ብትቆጥሪ፣ በጽሑፍ የፈረምሽውን በሰው ቃል ማፍረስ በእኛ ሕግ እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። ሁለተኛ፣ አንቺም አንድ ቀን ትሸጪዋለሽ። የዚያን ጊዜ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ የሚሰላው በገዛሽበትና በሸጥሽበት ዋጋ ልዩነት ነው፣ የገዛሽበት 1.5 ከሆነ ዛሬ እሳቸው ያላተረፉትን የሚመስለውን ትርፍ ነገ አንቺ ትከፍዪበታለሽ። ሦስተኛ፣ ግብር የሚያሰላው ጽሕፈት ቤት የራሱ ግምት አለው፣ ውሉ ላይ ትንሽ ስለተጻፈ ብቻ ግብሩ ትንሽ ይሆናል ማለት አይደለም። ባዶ አደጋ ነው የምትሸከሚው።

እምቢ ስትዪ ግን ባዶ እምቢ አትበዪ። ሰውየው የፈሩት ግብሩን ነው። የትኛው ክፍያ በማን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ውሉ ላይ አስፍሩት። ከትርፍ የሚከፈለው ግብር የሻጭ ነው፤ 2 በመቶው የቴምብር ቀረጥ እና የስም ማዛወሪያው አብዛኛውን ጊዜ የገዢ ነው። የገዢው ድርሻ ስንት እንደሚመጣ አስቀድመሽ ጠይቀሽ ከበጀትሽ ላይ ያዢው፣ ብዙ ሰው ቤቱን ከፍሎ ለስም ማዛወሪያ ሲበደር አይቻለሁ።

አሁን ሦስት ወሩ። እዚህ ጋ ነው የአንቺ ጉልበት ያለው፣ እህቴ። እኚህ ሰው ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ጊዜ ነው። ሌላ ቤታቸው አላለቀም፣ ባለቤታቸው አሜሪካ ናቸው፣ ዕቃቸውን ይዘው የት ይሄዳሉ? ነገ የሚመጣው ዲያስፖራ ካለ እሱም ቶሎ ቁልፍ ይፈልግ ይሆናል። አንቺ ሦስት ወር መስጠት ትችያለሽ። መስጠትና መተው ግን ለየቅል ናቸው። እሳቸው በአንቺ ቤት ሲቆዩ አንቺ ሌላ ቦታ 18 ሺህ እየከፈልሽ ነው፣ ሦስት ወር 54 ሺህ ብር ማለት ነው። ያ ገንዘብ ዋጋው ላይ ይቆጠርልሽ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ ቁልፍ ያልሰጠ ሰው ለመውጣት የሚያስቸኩለው ነገር አለመኖሩ ነው። ጥሩ ሰው ቢሆኑም ግንበኛው ያዘገያቸዋል፣ በሩ አልመጣም ይባላል፣ ሦስት ወሩ ስድስት ይሆናል። አንቺም ሽማግሌ ሰው ከቤት ማስወጣት አቅቶሽ ታለቅሻለሽ።

ስለዚህ አንድ ገንዘብ ይቆይ። 400 ሺህ ብር ቁልፍ በሚያስረክቡበት ቀን ይከፈል። የሚወጡበት ቀን በወርና በዓመተ ምሕረት ይጻፍ፣ "ቤታቸው ሲያልቅ" አይባልም። ከዚያ ቀን ላለፈ ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፈል ገንዘብም ይቆረጥ። ውልና ማስረጃ አካባቢ ያሉት ውል ጸሐፊዎች ዝግጁ ቅጽ አላቸው፣ መጨረሻው ላይ "ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል ገደብ ይከፍላል" የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛለሽ፣ ገደብ ማለት ቅጣት ነው፣ ቁጥሩን ግን እንደነገሩ ነው የሚሞሉት። 5 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ 10 ሺህ ብር ገደብ ማንንም አያስፈራም። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ወደ ቤት ይዘሽው ሂጂ፣ ከባለቤትሽ ጋር አንብቡት፣ አቅም ካላችሁ ለጠበቃ አሳዩት። እሳቸው ደግሞ "ገንዘቤን በሙሉ በፊርማው ቀን ካልተቀበልኩ" ካሉ መብታቸው ነው፣ ያኔ ቤቱም በዚያው ቀን ባዶ ሆኖ ይረከብ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ ግን አይሆንም።

ዋናው ክፍያም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን፣ ጥሬ ገንዘብ በፌስታል አይዞርም። ውልና ማስረጃ ላይ መፈረምም መጨረሻው እንዳይመስልሽ። ካርታው ላይ ስምሽ እስኪገባ ድረስ ነገሩ አላለቀም፣ ስለዚህ ለስም ዝውውሩ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ሁሉ በፊርማው ዕለት ከሻጩ ተቀበይ።

ዋጋውን እንዴት እናስቀንስ ላልሽው፣ ቤቱን ያለ ደላላው ሌላ ጊዜ እዩት። አንዴ ማታ ሂዱ። ጥበቃውን ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ግፊት እንዳለው ጠይቁ። የሽንት ቤቱን ጣሪያ ቀና ብለሽ እዪ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት ቧንቧው የሚያፈስ ከሆነ ቢጫ ዕድፍ ይታይሻል፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ካገኘሽ ደግሞ ለምን እንደተቀባ ጠይቂ። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ይዘሽ ሂጂና ማሠሪያውን በቁጥር ያውጣልሽ። "ትንሽ ቀንሱልን" ስትዪ ሰውየው "ቁርጥ ነው" ብለው ያልፉሻል። "ሽንት ቤቱን ለማደስ ይህን ያህል ተባልን፣ የሦስት ወር ኪራያችን 54 ሺህ ነው" ስትዪ ግን ቁጭ ብለው ያሰላሉ። እዚያው ብሎክ አካባቢ የሚሸጡ ሁለት ሦስት ቤቶችም እዩ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ፎቁ ዋጋ ይለውጣል፣ የሰማሽውን ዋጋ ሁሉ ከፎቁ ጋር ጻፊው።

ከባለቤትሽ ጋር ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ቁረጡ፦ ከዚህ በላይ አንወጣም የምትሉትን ዋጋ። ያንን ቁጥር ለደላላው እንዳትነግሩ። ኮሚሽኑ በዋጋው ላይ ስለሚታሰብ ዋጋው ቢወርድ እሱ አያተርፍም። ደላላው ባለበት "ልጆቹ እዚህ ይተኛሉ፣ ሶፋው እዚህ ይሆናል" አትበሉ፣ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ተጨዋወቱት።

ከዚያ ነገ ጠዋት ለሽማግሌው አንቺ ራስሽ ደውዪ። እንዲህ በያቸው፦ "ጋሼ፣ ቤትዎን ወደነዋል። ሦስት ወር እንዲቆዩ የጠየቁትን እኛ እሺ ብለናል፣ ዕቃዎንም ተረጋግተው ያውጡ። ዋጋውን ግን 5 ሚሊዮን እንድናደርገው እንለምንዎታለን፣ ማደሻና ኪራይ አለብን። እትዬ ውክልናቸውን ይላኩልን፣ የዕዳና እገዳ ወረቀቱም ይውጣ፣ በዚያ ቀን ውልና ማስረጃ እንገናኛለን። ውሉ ላይ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፣ ልጆች አሉን፣ እንዲህ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደንም።" ከዚያ ዝም በይ። ይህን ያህል ጨምሩ ይሉሻል። 5.2 ላይ ከተገናኛችሁ እኔ ብሆን እፈርማለሁ፣ ቁልፍ ሲሰጡ የሚከፈለው 400 ሺህና የሚወጡበት ቀን ከተጻፉ። ባለቤትሽ የፈራው ነገር ደርሶ ዲያስፖራው ከወሰደውም ይውሰደው። ሚስታቸው ያልፈረሙበትን ቤት ከሆነ የወሰደው፣ ያ ጭንቀት የእሱ ነው።

ለደላላው፣ ስንት እንደሚቀበል ከድርድሩ በፊት ይቆረጥ፣ የሚከፈለውም ውልና ማስረጃ ተፈርሞ ስትወጡ እንጂ ቀብድ በተሰጠ ማግስት አይደለም። "ግማሹን አሁን" ካለሽ፣ ባለቤትሽ ያነጋግረው።